የቢጫው ሳሎን መሐላ

ከይሪያ በሩ ላይ ቀጥ ብላ ቀረች። ቀኝ እግሯ ገብቷል፣ ግራው ገና ውጭ ነው። በአንድ እጇ የቅቤ ባልዲ፣ በሌላው የገንፎ ዱቄት የሞላበት ከረጢት አንጠልጥላለች። ከኋላዋ ልጇ ጀማሉዲን ሻንጣዋን ተሸክሞ እያለከለከ ደረጃውን ይወጣል።

«ሱብሃነላህ!» አለች። «ጀማል፣ ይሄ ቤት ታሟል እንዴ?»

«ምነው እማ?»

«የወፍ በሽታ ይዞታላ! አታየውም?»

ሳሎኑ ቢጫ ነበር። ክሬም ነው ቢጫ ነው እያሉ የሚከራከሩበት ዓይነት ቢጫ አይደለም። አራቱም ግድግዳ፣ ከወለል እስከ ኮርኒስ፣ ዓይን የሚወጋ፣ የተኛ ሰው የሚቀሰቅስ ቢጫ ነው። የኮምቦልቻ ፀሐይ ደግሞ በሰፊው መስኮት ገብታ ታግዘዋለች። እንግዲህ ከይሪያ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ደሴ ሰኞ ገበያ ቅመም የሸጠች ሴት ናት። ቢጫን ታውቀዋለች። እርድ በኩንታል አስፈጭታለች፣ የጣቶቿ ጥፍር እስከ ዛሬ አልለቀቀም። ግን እርድ የድስት ነው። ግድግዳ ይቀባል ብሎ የነገራት ሰው እስካሁን አልገጠማትም።

ቢልቂስ፣ የጀማሉዲን ሚስት፣ ሆዷን በእጇ ደግፋ ከወጥ ቤት ወጣች። ዘጠነኛ ወሯን ይዛለች። የሐርቡ ልጅ ናት። ኮምቦልቻ መጥታ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሽመና ክፍል ከገባች አምስት ዓመቷ ነው፤ ጀማሉዲንንም ያገኘችው እዚያው ማሽን ሲጠግን ነው። ረጅም፣ ቀስ ብላ የምትናገር ልጅ። ከይሪያ ይህን ቀስታዋን አትወደውም። ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው መቼ እንደተቆጣ በምን ይታወቃል?

«እንኳን ደህና መጡ እማ» አለችና ትከሻዋን ሳመቻት።

«እንኳን ደህና ቆያችሁኝ። ዓይኔን ከፍቼ ሰላም እንዳልልሽ ይሄ ነገር አላስከፍት አለኝ።»

ከይሪያ እዚህ ቤት እንዴት እንደመጣች ይነገር። ወጉ እንደሆነ፣ ሴት ልጅ የመጀመሪያ ልጇን የምትወልደው እናቷ ቤት ነው። አርባ ቀን ገንፎ እያገነፋች የምታርሳት የገዛ እናቷ ናት። አማት ተጠርታ ትመጣለች፣ ትበላለች፣ ትመርቃለች፣ ትሄዳለች። ከይሪያ ይህን ወግ አሳምራ ታውቀዋለች፣ ለሰው ሲሆን ትፈርድበታለችም። ለራሷ ሲሆን ግን አልዋጥልሽ አላት። ያላት አንድ ልጅ ነው። ባሏ ከሞተ አሥራ ሁለት ዓመት ሆነው። የጀማሉዲንን የመጀመሪያ ልጅ በገዛ እጇ ተቀብላ ካላጠበች፣ እናቲቱን በገዛ እጇ ካላረሰች፣ እንግዲያ መኖሯ ለምን ሊባል ነው? ስለዚህ ሽማግሌ ወደ ሐርቡ ላከች። ሽማግሌ ለሚስት ጥያቄ ሲላክ ያየ ሰው ብዙ ነው፣ ለምጥ ሲላክ ግን የከይሪያ የመጀመሪያ ሳይሆን አይቀርም። የቢልቂስ እናት ፈትሂያ ሽማግሌዎቹን ሳቀችባቸውና ምሳ አብልታ መለሰቻቸው። ሁለተኛ ላከች። በሁለተኛው ቢልቂስ ራሷ ለእናቷ ደወለች፣ «እማዬ፣ ብቻቸውን ናቸው፣ ይሁንላቸው» አለች፣ ፈትሂያም «ልጄ ካለች ይሁን» አለች። ከይሪያ ግን ለደሴ ጎረቤቶቿ የተናገረችው «ሽማግሌዎቼ አፈ ቅቤ ናቸው» ብላ ነው።

እንግዲህ መጣች። ለመውለጃው ሦስት ሳምንት ቀርቷል። ቅቤው ነጥሮ፣ ዱቄቱ ተነፍቶ፣ አብሹ ተወቅጦ ሁሉ ነገር ተሰናድቷል። የቀረው አፏን መዝጋት ብቻ ነበር።

ሶፋው ላይ ማስተዋል የምትባል የፊት ለፊት በር ጎረቤት ተቀምጣለች። ሳቅ የማይገዳት ሴት ናት። ከይሪያ አጠገቧ ተቀመጠችና እንደገና ግድግዳውን ዞራ አየችው።

«ማን ነው ይሄን የሠራ?»

«እኔ ነኝ እማ» አለች ቢልቂስ። «ወር ሆነው። ጀማልም አግዞኛል።»

«ጀማል!»

«ከላይ ከላዩን ብቻ ነው» አለ ጀማሉዲን። «መሰላል እንዳትወጣ ብዬ።»

«እኔ ልጅ ወለድኩ ስል ለካ ቡርሽ ነው የወለድኩት!»

ማስተዋል ሳቀች። ነገሩን ያበላሸችው ያቺ ሳቅ ናት። ከይሪያ ሰው ከሳቀላት ማቆሚያ የላትም። ገበያም ላይ እንዲሁ ናት፤ አንድ ሰው ፈገግ ካለላት ገዢውን ከነዘር ማንዘሩ ትሰድበዋለች፣ ሰውየውም እየሳቀ በርበሬውን ይገዛል።

«ደስ ስለሚለኝ ነው እማ» አለች ቢልቂስ ቀስ ብላ። «ፋብሪካ ስምንት ሰዓት ሙሉ ነጭ ክር ነው የማየው። ግድግዳው ነጭ፣ ጨርቁ ነጭ፣ አየሩ ራሱ ጥጥ ነው። ቤቴ ስገባ ሌላ ነገር ልይ ብዬ ነው።»

«ሌላ ነገር ማየት ካማረሽ መስኮት አትከፍቺም ነበር? እኔስ ዘይት ጀሪካን ውስጥ የገባሁ ነው የመሰለኝ። ክዳኑ የታለ ማስተዋል? ዝጉብንና እንሸጥ!»

«ኧረ እትዬ ከይሪያ፣ አይግደሉኝ!» አለች ማስተዋል ሆዷን ይዛ።

«ቆይ ልጠይቅ እስቲ። ልጁ ተወልዶ ቢጫ ቢሆን ሐኪሙ ከሕመም ነው ከግድግዳው ነው ብሎ ያውቃል? እዚህስ ማን ያምርበታል? ሙሽራ እዚህ ቢያስቀምጧት አልጫ ትመስላለች። የኛ ቤት ደሴ እንዴት ነው? ነጭ ኖራ! አያቴ ነጭ፣ እናቴ ነጭ፣ እኔ ነጭ። ጨዋ ሰው ግድግዳውን ያነጣዋል፣ ቢጫ የሚቀባ ሰው ዕቃ ሊሸጥ ነው።»

ቢልቂስ መጀመሪያ ፈገግ ብላ ነበር። «ጨዋ ሰው» የሚለው ሲመጣ ፈገግታው ጠፋ። ከይሪያ አላየችም፤ እሷ የምታየው ማስተዋልን ነው። ቢልቂስ ወጥ ቤት ገብታ ቀዝቃዛ የማንጎ ጭማቂ በትልቅ ብርጭቆ ይዛ መጣችና በሁለት እጇ አቀረበችላት።

ከይሪያ ብርጭቆውን አየች። ግድግዳውን አየች።

«መጠጡም ቢጫ!» ብላ ጮኸች። «ወላሂ! ወላሂ ብያለሁ! ይሄ ግድግዳ ቢጫ ሆኖ እስካለ ድረስ ከዚህ ቤት እህልም ውሃም አልቀምስም!»

ማስተዋል እጇን ከሆዷ ላይ አነሣች። ከአፏ ሲወጣ ቀልድ ነበር፤ ወላሂ የገባበት ነገር ግን እንደ ቀልድ አይመለስም፣ እኛ አገር ደግሞ በጭራሽ። አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል የሚባለው ይሄ ነው። ከይሪያ ያኔውኑ «አስተግፊሩላህ፣ ምን ነካኝ» ብላ ብትስቅ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። እሷ ግን አንገቷን ቀና አድርጋ ምራቷ ቡርሽ ልታመጣ ስትሮጥ ለማየት ጠበቀች።

ቢልቂስ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «አላህ ያግራልዎት እማ» አለችና ወጥ ቤት ገባች።

ከዚያ በኋላ የተከተለው ለሰው የሚነገር አይደለም፣ ፎቁ ሁሉ ግን አወራው። ኮምቦልቻ ደሴ አይደለችም። ደሴ ሰው በጉም ውስጥ ጋቢውን ተከናንቦ ውሎ ውሃ መጠጣቱን ይረሳል፤ ኮምቦልቻ ግን ቆርቆሮው ሲግል ምላስ ከላንቃ ይጣበቃል። ከይሪያ በነጋ በጠባ ኮሪደሩን ተሻግራ የማስተዋልን በር ታንኳኳለች።

«ማስተዋል፣ ውሃ።»

«ይግቡ እትዬ ከይሪያ፣ ሽሮም አለ።»

ማስተዋል ክርስቲያን ናት፣ ሥጋ አብረው አይበሉም፣ ሽሮና ዳቦ ግን ሃይማኖት የለውም። ከይሪያ የልጇን ቤት ወጥ ሽታ በኮሪደሩ እያሸተተች የጎረቤት ሽሮ በላች። ማታ ተመልሳ ምራቷ ያነጠፈችላት ፍራሽ ላይ ትተኛለች። መብላት መጠጣቱን እንጂ መተኛቱን አልማለችበትምና። ቢልቂስ በየቀኑ ሦስት ጊዜ ማዕድ አቅርባ «እማ፣ ይቅረቡ» ትላለች። ከይሪያ «ግድግዳሽን አቅርቢው» ትላለች። ቢልቂስ ሰሃኑን ታነሣለች። ክፉ ቃል አልመለሰችም፣ ቡርሽም አላነሣችም።

ደረጃው ላይ የሚያገኟት ሴቶች «ዛሬስ ጠጡ እትዬ?» ይሏታል።

«እናንተ ውሃ ጠጥታችሁ ምን አበቀላችሁ?» እያለች ታልፋለች።

በሦስተኛው ቀን ደሴ ለሸህ መሕሙድ ደወለች። የሰፈሯ ሰው ናቸው፣ ከልጅነቷ ያውቋታል።

«ከይሪያ፣ መሐላ ማፍረሻ አለው» አሏት። «አሥር ምስኪን አብልተሽ ውሃሽን ጠጪ። ምን ያስቸግራል?»

«ሰው ምን ይለኛል ሸህ?»

«ውሃ ጠጣች ይልሻል።»

«ምራቷ ረታቻት ነው የሚባለው!»

«እንግዲያ ቀድሞ ነገር መሐላው ለአላህ አልነበረም» አሉና ሸህ መሕሙድ ስልኩን ዘጉት። ከይሪያ ስልኩን እያየች «እሳቸውም አርጅተዋል» አለች።

የቀረው ጀማሉዲን ነው። ወይ ጀማሉዲን! ትልቅ ማሽን በሦስት መፍቻ ፈትቶ የሚገጥም ሰው፣ እናትና ሚስት መካከል ሲቆም እጁን የት እንደሚያደርገው ይጠፋዋል። እናቱ ስትናገረው «እሺ» ይላል። ሚስቱ ስትናገረው «እሺ» ይላል። ሁለቱም አንድ ላይ ሲናገሩት ሥራ አለብኝ ብሎ ይወጣል፤ ፈረቃው ባይደርስም።

«ጀማል» አለችው ከይሪያ በአራተኛው ቀን በረንዳው ላይ። ውስጥ አትቀመጥም፤ ወዴት ብትዞር ግድግዳ ነው። «እናትህ በልጇ ቤት ተቀምጣ ከጎረቤት ውሃ ትለምናለች። ይሄን ደሴ ተመልሼ ላውራ?»

«አታውሪ እማ።»

«እንግዲያ አስጠፋው።»

«እሷ በጣም ነው የምትወደው እኮ። ስትቀባው ሳምንት ነው የፈጀባት።»

«እኔ አንተን ለማሳደግ ስንት ሳምንት ፈጀብኝ?»

እናት ይህን ጥያቄ የምታወጣው መልስ እንደሌለው አውቃ ነው። ጀማሉዲን ጫማውን አየና «እሺ» አለ።

በማግስቱ ጠዋት ቢልቂስ ለክትትል ጤና ጣቢያ ሄደች፣ ማስተዋልም ደግፋት ሄደች። ወጥተው አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ጀማሉዲን ፈንታሁን የሚባል ቀለም ቀቢ ይዞ መጣ። ፈንታሁን ባልዲውን አስቀምጦ ግድግዳውን በመዳፉ ዳበሰው፣ ማዕዘኑ ጋ ሄዶ ጎንበስ ብሎ አየ።

«ይሄን የቀባው ማን ነው?»

«ምን አገባህ?» አለች ከይሪያ።

«አይ፣ የባለሙያ እጅ ስለሆነ ነው። አንድ ቦታ እንኳን አልፈሰሰም። ማዕዘኑን ተመልከቱት፣ በክር የተለካ ነው የሚመስለው። ይሄን ማጥፋት ነውር ነው እናቴ።»

«አንተን ቀባ ነው ያሉህ፣ ፍረድ አላሉህም።»

ፈንታሁን ትከሻውን ነቅንቆ ሥራ ጀመረ። ነጩ በሮለር ሲሄድበት ቢጫው መጀመሪያ አልጠፋም አለ፤ የደፈረሰ ወተት መሰለ። ሁለተኛ እጅ ተደገመ። ከይሪያ ሶፋውን ራሷ ጎተተች፣ መስኮቱን ራሷ ከፈተች፣ ሰዓት ሰዓቷን ታያለች። ከሶፋው ጀርባ ያለችው የመጨረሻዋ ክንድ የምታህል ቢጫ ስትቀር ፈንታሁን ውሃ ሊጠጣ ቆመ። እሷ ግን መታገሥ አቃታት። ቡርሹን ከእጁ ነጥቃ በገዛ እጇ ደፈነቻት። ደስ አላት፣ ለምን ይዋሻል? አምስት ቀን የጠማት ሴት ምንጭ እንዳገኘች ነው ደስ ያላት።

ቢልቂስ ከቀትር በፊት ተመለሰች። እሷም በሩ ላይ ቀጥ ብላ ቀረች። ማስተዋል ከኋላዋ አንገቷን አስግጋ አየችና እጇን አፏ ላይ ጫነች። የዚህን ጊዜ አልሳቀችም። ቢልቂስ ባሏን አየችው፣ ባሏ ጫማውን አየ። ከዚያ የከይሪያን እጅ አየች። በሁለቱ ጣቶቿ መካከል ነጩ ቀለም ገና አልደረቀም።

«ግቢ እንጂ» አለች ከይሪያ። «አሁን ቤት ሆነ። ሰው ሰው ሸተተ።»

ቢልቂስ ወጥ ቤት ገባች። በብርጭቆ ውሃ ይዛ መጣችና በሁለት እጇ አቀረበችላት።

«ይጠጡ እማ። መሐላዎ ወጣ።»

ከይሪያ ተቀበለች። ሁለት ሦስት ነገር ልትናገር አስባ ነበር፤ «አየሽ፣ ነጭ እንዴት እንደሚያምር» የምትል ነበረች፣ «ልጄ፣ እኔ እኮ ለአንቺው ብዬ ነው» የምትልም ነበረች። ልጅቱ ግን ታላቅ ሰው ጠጥቶ እስኪጨርስ እንደሚቆም ሰው እጇን አጣምራ ፊት ለፊቷ ቆማለች፣ ዓይኗን አልነቀለችም። ከይሪያ ውሃውን እስከ መጨረሻው ጠጣችው። ቢልቂስ ብርጭቆውን ተቀብላ አጠበችው፣ መደርደሪያው ላይ መለሰችው፣ ከዚያ ስልኳን አነሣች።

«እማዬ፣ ልመጣ ነው። አይ፣ ዛሬውኑ። ደህና ነኝ፣ ሐኪሙም ደህና ነሽ ብሎኛል። አልጋውን አንጥፊልኝ።»

ከይሪያ ከሶፋው ተነሣች። «የት ነው የምትሄጂው?»

«ሐርቡ። እናቴ ቤት።»

«ምን ልታደርጊ?»

«ልወልድ ነዋ። የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት ነው የሚወለደው። ወጉ እንዲያ አይደል እማ?»

ይሄ ነው እንግዲህ። «አይደለም» የሚል አፍ ከወሎ ምድር የት ይገኛል? ከይሪያ ራሷ ስንት ቤት ገብታ ስንት አማት «ወጉን አትርሺ» ብላ ገስጻለች።

«ተስማምተን ነበር እኮ» አለች፣ ድምጿ ወረደ። «ሽማግሌ ተልኮ፣ ሁለት ጊዜ...»

«ሽማግሌዎቹን እማዬ መልሳቸዋለች። እሺ ያልኩት እኔ ነበርኩ። ብቻዎትን ስለሆኑ አሳዝነውኝ ነው።» ቢልቂስ እንደ ሁልጊዜዋ ቀስ ብላ ነው የምትናገረው። «ስለ ግድግዳው የሰደቡኝን ስቄ አሳልፌዋለሁ። እንግዳ ሆነው፣ ደክመው ነው ብዬ። ቢጠይቁኝ ኖሮ ደግሞ እኔው ራሴ እቀባው ነበር፤ ‹ልጄ፣ ዓይኔን አመመኝ፣ ቀይሪልኝ› ቢሉኝ። እኔ ሐኪም ቤት ተኝቼ ሆዴን ሲለኩኝ ቤቴን ሰረቃችሁት። እኔ ከዚህ በኋላ እዚህ ቤት ምጥ አልይዝም።»

«ጀማል፣ ተናገራት እንጂ!»

ጀማሉዲን ለመጀመሪያ ጊዜ «እሺ» አላለም። የሚስቱን ቦርሳ ከቁም ሣጥኑ ላይ አወረደና ልብሷን እያጠፈ ይከት ጀመር። ማስተዋል እያለቀሰች አገዘችው። ፈንታሁን ባልዲውን ይዞ ሹልክ ብሎ ወጣ።

ከይሪያ ነጩ ቤት ውስጥ ብቻዋን ቀረች። ጀማሉዲን ከፈረቃ ሲወጣ ሐርቡ ይሄዳል፣ ሲመሽ ይመለሳል፣ ይተኛል። ከእናቱ ጋር ሰላምታ ብቻ ነው ያለው። ውሃው እንደ ልብ ነው። ቧንቧውን ከፍታ ብትዋኝበት የሚከለክላት የለም። ሳሎኑ ነጭ ነው፣ ኮርኒሱ ነጭ ነው፣ ከይሪያ ሶፋው ላይ ተቀምጣ ታየዋለች፤ ትንሽ ቆይታ ደግሞ «ይሄ ቀቢ እኮ አበለሻሽቶታል» ትላለች፣ የሚሰማት ሰው ግን የለም። ማስተዋል ሰላም ትላታለች እንጂ እንደ ድሮው አትስቅላትም። ሰኞ ገበያ ሰው የሳቀላትን አስታውሳ ደሴ ልመለስ አለች፣ ሻንጣዋን አነሣች፣ መልሳ አስቀመጠችው። ምናልባት ትደውልልኝ ይሆናል ብላ ነው። ስልኳን ትራሷ ስር አድርጋ ነበር የምትተኛው።

በአሥራ አንደኛው ቀን ጀማሉዲን ከሐርቡ ደወለ። ሴት ልጅ። እናቲቱም ሕፃኗም ደህና ናቸው። ስሟ ሀናን ተብሏል።

«ማን አወጣው ስሙን?»

«እማማ ፈትሂያ።»

«አልሐምዱሊላህ» አለች ከይሪያና ስልኩን ከዘጋች በኋላ አለቀሰች። አንጀቷ እያረረ ነው ያለቀሰችው፤ ደስታዋም እውነት ነበር፣ ማረሯም እውነት ነበር።

ፈትሂያ በጨዋ ደንብ በስልክ ጠራቻት፤ «ለሰባተኛው ቀን አቂቃ ድግስ ይምጡልን» ብላ። ከይሪያ ሌሊቱን ስታሰናዳ አደረች። ቅቤውን ያዘች፣ ዱቄቱን ያዘች፣ አብሹን ያዘች። ሻንጣዋንም ያዘች፤ የአርባ ቀን ልብስ አለበት። ፈትሂያ ሰባት ቀን ስታርስ አድራለች፣ ደክሟታል፣ እንቅልፍ የላትም። አንድ ጊዜ ወጥ ቤቷ ከገባሁ ማን ያስወጣኛል ብላ አስባለች። ጀማሉዲን ሻንጣውን አየና ሚኒባሱ ላይ ጫነው።

ሐርቡ ላይ የተቀበሏት አቀባበል ለሸህም አይደረግም። ከፊት መጅሊስ ላይ፣ ለትልቅ እንግዳ በተነጠፈው ምንጣፍ ላይ አስቀመጧት፣ ትራስ አስደገፏት። ሥጋው ከፊቷ፣ ማሩ ከፊቷ። «ይብሉ እንጂ እትዬ ከይሪያ! ምነው እጅዎ ታሰረ?» እያለች ፈትሂያ ራሷ ታጎርሳታለች። የመጣ ሰው ሁሉ «እንኳን ለልጅ ልጅዎ አበቃዎት» ይላታል። ቅቤዋን በምስጋና ተቀበሏትና ጥግ ላይ ከሌላው እንግዳ ቅቤ ጋር አስቀመጡት። ስድስት ባልዲ ነበር። የእሷ ሰባተኛ ሆነ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባል የለ?

«ገንፎውን እኔ ላገንፋ» አለች ልትነሣ እየቃጣች። «ደክሞዎታል።»

«ኧረ በአላህ! እንግዳ ሥራ አይነካም» አለች ፈትሂያ ትከሻዋን ይዛ። በጣም በለስላሳ እጅ ነበር የያዘቻት።

ሕፃኗን አመጡላት። ከይሪያ ተቀበለቻት። ግንባሯ የጀማሉዲን ነው፣ እጇ እንደ ዘቢብ የተጨማደደ ነው፣ ትሞቃለች። ከይሪያ ስንት ቀን ያዘጋጀችው ዱዓ ነበራት፤ አሁን ግን «አላህ ያሳድግሽ፣ አላህ ለእናትሽ ያቁምሽ» ብቻ አለች፣ ሴቶቹም «አሚን» አሉ። ወዲያው ሕፃኗ አለቀሰች።

«ጡት ፈልጋ ነው» አለች ፈትሂያና ከክንዷ ላይ አነሣቻት። ይዛት ወደ ውስጠኛው ክፍል ገባች፣ መጋረጃውም ተመለሰ። ከይሪያ ክንዷን እንዳጠፈችው ትንሽ ቆየች።

እንግዳው መበተን ሲጀምር ቢልቂስ ነጠላዋን ደርባ ወጣች። ፊቷ ትንሽ ወፈር ብሏል፣ አምሮባታል። የከይሪያን ትከሻ ሳመች።

«ደክመዋል እማ። ከመምሸቱ በፊት ጀማል ያድርስዎት።»

«እኔ እኮ...» አለች ከይሪያ። በሕይወቷ ቃል አጥሯት አያውቅም። «ልቆይ ብዬ ነበር። እናትሽን ላሳርፋት። ልብሴንም ይዣለሁ።»

«አይቼዋለሁ» አለች ቢልቂስ። «ለአርባው እንጠራዎታለን እማ። ያኔ ልብስ መያዝ አያስፈልግም፣ ውለው ይመለሳሉ።»

ከይሪያ ግድግዳውን አየች፣ ጣሪያውን አየች፣ በሩን አየች፤ የሚሰደብ ነገር ፈልጋ አጣች። «እሺ» አለች።

ጀማሉዲን ሻንጣውን አንሥቶ ቀድሟት ወጣ። ሚኒባሱ ውስጥ ጭኗ ላይ አስቀመጠላት። ሐርቡን አልፈው ዳገቱን ጀመሩ።

«ጀማል» አለች። «ለአርባው ስንት ቀን ቀረው?»

«ሠላሳ ሦስት።»

ከይሪያ ሻንጣውን በአንድ እጇ ይዛ በሌላው እጇ ጣቶች መቁጠር ጀመረች።